«ቤቱ የሚስቴ ነው»፦ መሬትና ኑሮ በሚናንግካባው ደጋ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ የደጋ መንደር ነው። መንደሩ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው፤ ሱማትራ የሚባለው ትልቅ ደሴት ላይ፣ በምዕራብ በኩል። ለትምህርት ሄጄ ሳለ እዚያ ሰንብቻለሁ። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም አልጠራም። የቤታቸውን ጉዳይ የነገሩኝ አምነውኝ ነው።

ከመጀመሪያው ምሽት ልጀምር። ያስተናገዱኝ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የሩዝ ገበሬ ናቸው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እራት በላን። ቤቱ ሰፊ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። ከመስኮቱ ማሳው ይታያል። «ጥሩ ቤት ነው ያለዎት» አልኳቸው።

«ቤቱ የሚስቴ ነው» አሉኝ። «የእሷና የእህቶቿ።»

«ማሳውስ?»

«እሱም የእነሱ ነው።»

የእርስዎስ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ። እጃቸውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈር ዘረጉ። «የእኔ እዚያ ነው፣ እናቴ ቤት። እሱም ቢሆን የእህቶቼ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ።»

በዚያች ሌሊት አዘንኩላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ባዶ እጃቸውን የቀሩ መሰለኝ። በኋላ እንዳየሁት ግን በመንደሩ ቃላቸው ከሚሰማ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። በስሜ የተጻፈ መሬት የለኝም የሚል ሰው እንዴት የትልቅ ርስት ጠባቂ ሆኖ ይከበራል? ነገሩ እስኪገባኝ ሳምንታት ፈጀብኝ። ዛሬ እሱን ነው ላካፍላችሁ የፈለግኩት።

ሕዝቡ ሚናንግካባው ይባላል። ቁጥሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ በእናት ከሚቆጥሩ የዓለም ሕዝቦች ሁሉ ትልቁ እንደሆኑ ይነገራል። እንዲሁም አጥባቂ ሙስሊሞች ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብሎ ያስባል። እዚያ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አብረው ኖረዋል። እንዴት እንደኖሩ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አገሩ የምድር ወገብ የሚያልፍበት ነው። ግን ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ቡኪቲንጊ የምትባለው የደጋ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል፣ ሰው ሹራብ ይደርባል። ከበላይዋ ማራፒ የሚባል እሳተ ገሞራ ቆሟል፣ 2,891 ሜትር። ይህ ተራራ አመድ ይተፋል፤ አመዱ አፈሩን ያደልባል፤ ሩዙም፣ ጎመኑም፣ ቃሪያውም በዚያ ላይ ያምራል። ያው ተራራ ደግሞ ይገድላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ታኅሣሥ 2023 ድንገት ፈንድቶ ከ20 በላይ ተራራ ወጪዎችን ቀጠፈ። በግንቦት 2024 ደግሞ ከባድ ዝናብ ከላይ የተከመረውን አመድና ድንጋይ ይዞ ወረደ። በአንድ ሌሊት ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ ቤት ተጠረገ፣ ማሳ በድንጋይ ተሞላ። ዓመታት ቆጥቦ የሠሩት እርከን በአንድ ሌሊት ሲሄድ የሚሰማውን ሐዘን ገበሬ ብቻ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ጥለው አይሄዱም? መልሱ መሬቱ ውስጥ ነው።

በአንድ ቅድመ አያት፣ በአንዲት ሴት፣ የሚገናኙ ሰዎች አንድ «ፓሩይክ» ናቸው። ቃሉ ቃል በቃል «ሆድ» ማለት ነው። እኛም ከአንድ ማህፀን የወጡ እንል የለ? የሩዝ ማሳው፣ ዓሣ የሚረባበት ኩሬ፣ ትልቁ ቤት የዚያ ሆድ ነው። ይህን ንብረት «ከፍተኛው ፑሳኮ» ይሉታል። ፑሳኮ ማለት ከአያት የወረደ ማለት ነው። እኛ ርስት የምንለው ቃል ይቀርበዋል። ልዩነቱ የእኛ ርስት በአባትም በእናትም ሲጠየቅ የኖረ መሆኑ ነው። የእነሱ በእናት ብቻ ነው።

ከፍተኛው ፑሳኮ አይሸጥም። አይከፋፈልም። እያንዳንዷ ሴት የምታርሰው ድርሻ ይነገራታል። ትጠቀምበታለች፣ ልጆቿን ታሳድግበታለች። «የእኔ ነው» ብላ ልትሸጠው ግን አትችልም። ምክንያቱም ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ወንድሟ ደግሞ ጠባቂ ነው። የእናት ወንድም «ማማክ» ይባላል። የእህቱ ልጅ «ካማናካን» ናት ወይም ነው። የጎሳ መሪነት ማዕረግ፣ «ዳቱክ» የሚባለው፣ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። ከአጎት ወደ እህት ልጅ ነው የሚሄደው። መሬቱ በሴቶቹ እጅ፣ ንግግሩ በወንዶቹ አፍ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ወንዶቹስ? ባል ወደ ሚስቱ ቤት ነው የሚገባው። ድሮ ማታ መጥቶ ያድርና ጠዋት ወደ እናቱ ማሳ ይመለስ ነበር። ስለ ባል አንድ አባባል አላቸው፤ «ጉቶ ላይ እንዳለ አመድ» ነው ይላሉ። ነፋስ ሲመጣ ይበናል። የሰማሁት ከራሳቸው ከአስተናጋጄ ነው። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አርባ ዓመት በኖሩበት ቤት እንግዳ መሆንን መሸከም ቀላል አይደለም። ይህ ሥርዓት ወንድን ምን እንደሚያስከፍለው ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ግን ሌላውን ገጽ ተመልከቱ። ትዳር ቢፈርስ ልብሱን ይዞ የሚወጣው ባል ነው። ሴትየዋ ከነልጆቿ ከቤቷ ንቅንቅ አትልም። ማሳዋም አብሯት ነው። «ወዴት እሄዳለሁ?» ብላ የባሏን ዱላ ችላ የምትኖር ሴት ስንት ታውቃላችሁ? እዚያ መንደር ቢያንስ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ሴት ልጅ ስትወለድ ደስታው ትልቅ ነው። ቤት ውስጥ ሴት ካልተወለደ «ጠፋ» ይላሉ። ወንዶች ልጆች ሞልተው እንኳ ያ ቤት ጠፍቷል፤ መሬቱ ወደ ቅርብ ዘመድ ያልፋል።

ስለ ትልቁ ቤት ትንሽ ላብራራ። «ሩማ ጋዳንግ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ያው «ትልቅ ቤት» ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ረጅም ቤት ነው። ጣሪያው ሁለቱም ጫፉ ወደ ሰማይ ተቀስሮ የጎሽ ቀንድ ይመስላል። ድሮ የሚከደነው ከዘንባባ በሚገኝ ጥቁር ጭረት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። በጀርባው በኩል ትንንሽ መኝታ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ላገባች ሴት ሁሉ አንድ አንድ። የቤቱ ልጅ ስታገባ ዳር ያለው ክፍል ይሰጣታል፣ ታላቅ እህቷ ወደ ቀጣዩ ትሸጋገራለች። ለወንዶች ልጆች ክፍል የለም። ከፍ ሲሉ የሚያድሩት «ሱራው» ውስጥ ነበር። ሱራው ትንሽ የጸሎት ቤት ናት። ቁርአን ይቀራሉ፣ ትግል ይማራሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። ዛሬ ይህ ልማድ ብዙ ቦታ ቀርቷል።

ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ጎተራዎች ይቆማሉ፤ እነሱም ቀንዳማ ጣሪያ አላቸው። እኔን ልቤን የነኩኝ የጎተራዎቹ ስሞች ናቸው። አንዱ «ባሕሩን የሚያይ» ይባላል፤ በውስጡ ያለው ሩዝ ተሸጦ መንደሩ ውስጥ የማይገኝ ነገር ይገዛበታል። ሌላው ለዕለት ጉርስ ነው። ሦስተኛው «ረሃብን የሚሸከም» ይባላል። እሱ ዝም ብሎ አይነካም። ለክፉ ቀንና ለተቸገረ ጎረቤት ነው። ለረሃብ ጎተራ ሠርቶ ስም ያወጣ ሕዝብ ረሃብን በደንብ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። መሬት አይሸጥም ካልን ቤተሰብ ሲቸግረውስ? ያስይዘዋል። እዚህ ጋ የእኛን ቃል ለመጠቀም ደስ ይለኛል፦ ወለድ አገድ። ገንዘብ ያበደረው ሰው ማሳውን ይዞ ምርቱን ይበላል። ዕዳው ሲመለስ ማሳው ይመለሳል። ዕዳውን በአገሩ ገንዘብ አይጽፉትም፣ በወርቅ ነው የሚጽፉት። «አምስት አመህ»፣ «አሥር አመህ» ይላሉ፤ አንድ አመህ 2.5 ግራም ነው። የአገሩ ገንዘብ ሩፒያ ዋጋው ይወድቃል፣ ወርቅ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ወርቅ ነው። አያት ያስያዘችውን የልጅ ልጅ ታስለቅቀዋለች።

ያውም ለማስያዝ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። በልማዱ ምክንያቶቹ አራት ናቸው። አስከሬን ቤት ውስጥ ተጋድሞ የመቅበሪያ ገንዘብ ከጠፋ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ሳታገባ ከቀረች። ትልቁ ቤት ካፈሰሰ። የወደቀ የመሪነት ማዕረግ ተነሥቶ ድግስ የሚያስፈልገው ከሆነ። በቃ። ለሞተር ብስክሌት ወይም ለንግድ ኪሳራ የሚል የለበትም። በተግባር ሰው ለሌላም ለሌላም ያስይዛል፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም። ግን ስትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚቆጥሩላችሁ አራቱን ነው። ሞት፣ ልጅ፣ ጣሪያ፣ ክብር። እነዚህ አራቱ ላይ ብዙ አስቤያለሁ።

በ1960 መንግሥት ሕግ አወጣ። ሰባት ዓመት ተይዞ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ የሚል። ሐሳቡ ድሃውን ከአራጣ ለማዳን ነው። በሚናንግካባው ግን ብዙ ሰው ይህን አልተቀበለም። ወርቅ ያበደረው ሰው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው። «በችግራችን ቀን የደረሰልንን ሰው ባዶ እጁን ልንሸኝ?» ይላሉ። እኔ ሕጉን የጻፉትንም እረዳቸዋለሁ። ግን ውለታንና ብድርን ነጣጥሎ ማየት እዚያ መንደር አይቻልም።

መሬቱ በሴቶች እጅ ስለሆነ ወጣት ወንዶች ይወጣሉ። «መራንታው» ይሉታል፤ አገር ለቆ ሠርቶ መመለስ። ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ግጥም አላቸው፤ መልእክቱ «ጎረምሳ፣ መጀመሪያ ውጣ፤ እቤት ገና አትጠቅምም» የሚል ነው። ወጥተውም ብዙ ሠርተዋል። ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሱካርኖ ጋር የኢንዶኔዥያን ነፃነት ያወጁት ምክትል ፕሬዚዳንት መሐመድ ሃታ በ1902 ቡኪቲንጊ ነው የተወለዱት። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሱታን ሻህሪርም ከዚሁ ደጋ ናቸው። ከታዋቂዎቹ ይልቅ ግን እኔ የማስበው ምግብ ቤት የከፈቱትን ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የትም ከተማ ብትሄዱ፣ በምዕራብ ሱማትራ ዋና ከተማ በፓዳንግ የተሰየመ «ፓዳንግ ምግብ ቤት» አለ። ሳህን በሳህን ላይ ተደርድሮ ይመጣል፣ የበላችሁትን ብቻ ትከፍላላችሁ። ከብዙዎቹ ጀርባ ለእህቱ ማሳ ለቆ የወጣ ልጅ አለ። ለኢድ ሲመለስ የትልቁን ቤት ጣሪያ የሚያስጠግነው እሱ ነው።

ቅድም ያቆየሁት ጥያቄ አለ። እስልምና ውርስን በግልጽ ደንግጓል፤ ወንድም ሴትም ልጅ ከአባቱ ድርሻ አለው። ታዲያ ከዚህ ልማድ ጋር እንዴት ተስማማ? በሰላም ብቻ አይደለም። በ1803 ገደማ ከመካ የተመለሱ ሦስት ሐጂዎች ልማዱን እናጽዳ ብለው ተነሡ። ፓድሪ የሚባለው ንቅናቄ ነው። ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፣ ከዚያ ቅኝ ገዥው ደች (የሆላንድ መንግሥት) ገባበት፣ በ1837 ቦንጆል የሚባለው ምሽግ ወደቀ። ብዙ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የቀረው ቃል «ልማድ በሃይማኖት ላይ፣ ሃይማኖት በመጽሐፉ ላይ ይቆማል» የሚል ነው።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በ1860 በዚሁ ደጋ የተወለዱ አሕመድ ኻቲብ የሚባሉ ሊቅ መካ ሄደው በታላቁ መስጊድ ኢማም እስከ መሆን ደረሱ። እሳቸው የአገራቸውን የውርስ ልማድ በጽኑ አወገዙ። ለልጅ የሚገባውን ለእህት ልጅ መስጠት ነጠቃ ነው አሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አብዱል ከሪም አምሩላህ፣ ሌላ መንገድ አዩ። ከአያት የወረደው መሬት የማንም የግል ሀብት ስላልሆነ እንደ ወቅፍ ነው አሉ። ወቅፍ ለሃይማኖት ወይም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይወረስም። ስለዚህ የሚከፋፈል ነገር የለም።

ይህች ሐሳብ መፍቻ ሆነች። ንብረት ሁለት ነው ተባለ። ከፍተኛው ፑሳኮ በእናት ይሄዳል። ባልና ሚስት በላባቸው ያፈሩት፣ ዝቅተኛው፣ በእስልምና ውርስ ለልጆች ይሄዳል። በ1952 ቡኪቲንጊ ላይ፣ በ1968 ደግሞ ፓዳንግ ላይ የጎሳ መሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ተቀምጠው ይህንኑ አጸደቁ። «ልጅህን ታቀፍ፣ የእህትህን ልጅ እጁን ይዘህ ምራ» የሚል አባባል አላቸው። አንድ ወንድ በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው የእህቱን ልጅ ይይዛል። እኔ ይህን መፍትሔ ሳስብ እጅግ አከብራቸዋለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ተስማሙ።

ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ቡና ስላለበት ማለፍ አልችልም። ከእኛ አገር የወጣው ቡና በየመንና በጃቫ በኩል እዚህም ደርሷል። ደቾች ከ1847 ጀምሮ ገበሬውን ቡና እያስተከሉ ፍሬውን ሁሉ ለመጋዘናቸው እንዲያስረክብ አስገደዱት። እስከ 1908 ቆየ። ሰው ያፈራውን ቡና ሳይሆን ቅጠሉን ጠጣ ይባላል። ቅጠሉን በቀርከሃ ሰክተው እሳት ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ ያፈሉታል። በኮኮናት ቅርፊት ነው የሚቀርበው። ቀላ ይላል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። የመጀመሪያውን ስጠጣ የሐረር ቁጢ ትዝ አለኝ። እኛ ቅጠሉን በልማዳችን ጠጣን፤ እነሱ ፍሬው ስለተወሰደባቸው። በ1908 ደቾች ቡናውን ትተው የገንዘብ ግብር ሲጥሉ ካማንግና ማንጎፖህ በሚባሉ ቦታዎች ሕዝቡ ተነሣ። «በአያቶቻችን መሬት ላይ ለማን ነው የምንገብረው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ማንጎፖህ ላይ ከመሩት አንዷ ሲቲ የምትባል ሴት ናት።

ዛሬስ? ዛሬ ፈተናው ጠመንጃ አይደለም፣ ወረቀት ነው። በ1979 የወጣ ሕግ የአገሪቱን መንደሮች በሙሉ በአንድ መልክ አደረገ። «ናጋሪ» የሚባለው የጥንቱ የመንደር አስተዳደር ተበተነ። ከ500 በላይ ናጋሪዎች ከ3 ሺህ በላይ ትንንሽ መንደሮች ሆኑ። ድጎማው በየመንደሩ ስለሚመጣ መከፋፈሉ ገንዘብ አለው። ግን የጋራው ደንና የጋራው ውሃ ባለቤት አጣ። ከ2000 በኋላ ወደ ናጋሪ ተመለሱ። የተበጠሰውን መቀጠል ግን እንደ መበጠሱ ቀላል አልሆነም።

ከዚያ የመሬት የምስክር ወረቀት አለ። ባንክ የሚያበድረው በወረቀት ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ስም ይፈልጋል። መሬቱ ግን የሆድ ነው። የጋራውን መሬት በአንድ ሰው ስም ለማስመዝገብ የዘመድ ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ጃካርታ፣ ግማሹ ማሌዥያ ነው። አንዳንድ ማማክ ደግሞ እህቶቹ ሳያውቁ ይፈርማል። ጠባቂ ሲሸጥ ከዚያ የከፋ ክህደት የለም። ፍርድ ቤቶቹ በፑሳኮ ክርክር ተጨናንቀዋል። ብዙ ትልልቅ ቤቶችም ተቆልፈው ቆመዋል፤ ሴቶቹ አጠገቡ የሲሚንቶ ቤት ሠርተው ከባልና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልፈርድም። ባልየው እዚያ የሲሚንቶ ቤት ውስጥ አመድ አይደለም፣ አባት ነው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አስተናጋጄ ወንዙን አሻግረው እናታቸው ቤት ወሰዱኝ። ታላቅ እህታቸው ሣጥን ከፍተው የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «ራንጂ» ይባላል፣ የዘር ሐረግ ነው። መሬት ላይ ዘረጉትና አራት ማዕዘኑን በብርጭቆ ያዙት። ከላይ አንዲት ሴት አለች። ከእሷ መስመሮች ይወርዳሉ፣ ከሴቶች ልጆቿ ወደ ሴቶች ልጆቻቸው። እየሰፋ፣ እየበዛ። የወንዶቹ ስምም አለ። ከእያንዳንዱ ወንድ ስም በታች ግን ነጭ ነው። መስመሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

አስተናጋጄ የራሳቸውን ስም በጣታቸው አሳዩኝ። ከሥሩ ባዶ ነው። «ልጆቼ ሌላ ወረቀት ላይ ናቸው፣ ሚስቴ ቤት» አሉ። እህታቸው ወረቀቱን ጠቅልለው መለሱት።

ስንመለስ ከመንገድ ወጥተን ወደ ኮረብታው አስወጡኝ። እዚያ በላባቸው የገዙት ትንሽ ቁራሽ መሬት አለች። ቀረፋ ተክለውባታል። የቀረፋ ዛፍ ቅርፊቱ እስኪላጥ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ዛፎቹ ገና የእኔን ክንድ አያክሉም። ይህች በእርግጥ የእርስዎ ናት አልኳቸው። አዎ አሉ፣ ለሴት ልጃቸው ናት። እሷ ለልጆቿ ታወርሳለች፣ ልጆቿ ለልጆቻቸው፤ ያኔ የገዛት ሰው ይረሳል፣ ፑሳኮ ትሆናለች። ከዚያ ማንም አይሸጣትም። ጎንበስ ብለው ከአንዱ ግንድ ሥር አረም ነቀሉ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራረጉ፣ ሳይመሽ እንውረድ አሉኝ።